ይነሳል ወይ?

ልብስ ሰፊው ጀብሪል ከሁለቱ ካሜራዎች መርፌ ያለባትን የመረጠው ርካሽ ስለሆነች ነው ወይስ ሌላ የጠራው ነገር ነበር? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

በስልሳ አምስት ዝናቡ ቀረና ሀብሩ ውስጥ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ጠፋ። መርሳ ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር በረንዳ ላይ የተቀመጠችው የጀብሪል የስፌት መኪና ሥራ ፈታች። በዚያው ሰሞን ሚስቱ ቶይባ ታመመች። ትኩሳቱ ለቀቅ ያደርጋትና መልሶ ይይዛታል፤ በያዛት ቁጥር ከፊቷ ላይ አንድ ነገር ቀንሶ ይሄዳል። ጀብሪል የእሷ ፎቶ አልነበረውም። ለሥራ ወደ ሁመራ የሚወርዱ ሰዎች ፎቶ ተነስተው ለቤተሰብ ትተው እንደሚሄዱ ያውቃል። ካሜራ ብገዛ እንጀራም ይሆነኛል፣ ከሁሉ በፊት ግን ቶይባን መልኳ ሳይጠፋ አነሳታለሁ አለና ፍየሎቹን ሸጦ ወልድያ ሄደ።

ወልድያ ገበያው አጠገብ ተፈራ የሚባል አሮጌ ራዲዮና ካሜራ የሚሸጥ ሰው ነበር። ሁለት ካሜራ አወጣለት። የሁለቱም መመልከቻ በመስታወት ከሌንሱ ጋር የተገናኘ ነው፤ ያየኸው ነገር ነው የሚወጣው፣ የሰው አናት አትቆርጥም አለው። አንደኛዋ ንጹሕ ነች፤ ነገር ግን ብርሃኑን ራስህ ገምተህ ቁጥር ማዞር አለብህ። ሁለተኛዋ ቆዳዋ የተላጠ፣ ማን ይዟት እንደኖረ ተፈራም የማያውቃት፣ ዋጋዋም የወረደ ነው። አውቶማቲክ ስለሆነች ብርሃኑን የምትለካው ራሷ ናት፤ ለጀማሪ ይቺ ትሻላለች አለው። ጀብሪል ዐይኑን አስጠጋ። ከመመልከቻው ዳር ፀጉር የምታህል መርፌ አለች። ወደ በሩ ሲያዞራት ወደ ላይ ወጣች፤ ወደ ጓዳው ሲመልሳት ቀዩ መስመር ላይ ወደቀች።

«ቀዩ ላይ ከወደቀች አትድከም» አለው ተፈራ። «ሰውየው አይነሳም።»

ጀብሪል ሃያ ዓመት በመርፌ የኖረ ሰው ነው። ያችኛዋን ካሜራ ዳግመኛ ዞር ብሎም አላያትም።

መርሳ ሲመለስ ቶይባ እንቢ አለች። ትንሽ ሥጋ ልልበስና ታነሳኛለህ አለችው። እሱም ሌሎችን ማንሳት ጀመረ፤ ፎቶዎቹም ጥሩ ወጡ። አንድ የገበያ ቀን ሞላ የሚባል ደንዳና ገበሬ ከግራና መንደር መጣና በረንዳው ፊት ፀሐይ ላይ ቆመ። ጥርሱ እንዲታይለት አዘዘ፤ ለአማቱ የሚልከው ነው፣ ከስቷል ብላ ስታማው ከርማለች። ጀብሪል ዐይኑን አስጠጋ። መርፌዋ ወደቀች። ሌንሱን ጠረገ፣ ሰውየውን ዞር አደረገው፣ እንደገና አየ። ቀዩ ላይ ተኝታለች።

«ጋሼ ሞላ፣ ዛሬ እርስዎ አይነሱም» አለ።

«ማነው የማይነሳው?» አለ ሞላ እየሳቀ። «እንዲህ ቆሜ?»

ሞላ በአራተኛው ቀን በትኩሳት ተኛ፤ አልተነሳም። ቀብር ላይ አንድ ሰው ያንን ቃል ደገመው፤ ጀብሪል እኮ አይነሱም ብሏቸው ነበር አለ። ከዚያ አንዲት ጨው ነጋዴ ላይ መርፌዋ ወደቀች፤ በሳምንቱ እሷም ተከተለች። ከዚያ በኋላ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ቀረ። ሰው በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ በረንዳው ሥር ያስቀምጥና ይነሳል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጀብሪል ይቺ የምታውቀው ብርሃን ብቻ ነው እያለ ይመልሳቸዋል። ብቻውን ሲሆን ግን ግድግዳውን ያይባታል፣ አህያውን ያይባታል፣ የተኛ ውሻ ያይባታል። መርፌዋ ለሁሉም ትነሳለች።

መላ ሲያጣ ካሜራዋን ይዞ ወልድያ ተመለሰ። ተፈራ ገለበጣትና ሆዷ ላይ ያለችውን ክዳን በሳንቲም ከፈታት። እንደ አዝራር ያለች የባትሪ ድንጋይ መቀመጥ በነበረባት ቦታ ላይ አረንጓዴ ዝገት ብቻ ነበር። ተፈራ አፈረ። ሲሸጥለት ክዳኑን እንዳልከፈተ፣ እንዲህ ያለ ድንጋይም ወልድያ እንደማይገኝ ነገረው። ቀጥሎ ራሱ ዐይኑን አስጠግቶ ወደ በሩም ወደ ጓዳውም አዞራት።

«መርፌዋ ሞታለች» አለ። «ያለ ድንጋይ አትንቀሳቀስም።»

«ሁለት ወር ስትንቀሳቀስ አይቻታለሁ።»

«አትንቀሳቀስም አልኩህ እኮ።»

ጀብሪል ትቷት ሊሄድ ፈለገ። ተፈራ ግን ክዳኗን ገጥሞ በሁለት ጣቱ ገፋለትና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ቤት ሲደርስ ቶይባ መብላት አቁማለች። ጎረቤቷ ሲቲ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ነግራታለች፤ እሷም ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ስታስብ ቆይታለች።

«አንሳኝ» አለችው።

ቃሉ ሁለት ጊዜ ጆሮው ውስጥ ገባ። ድንጋይ የላትም፣ ባዶ ዕቃ ናት አላት።

«ታዲያ ምን ያስፈራሃል?»

ጀብሪል መርፌዋ ብትወድቅም ባትወድቅም ትነሻለሽ ብሎ ሊዋሻት ቆረጠ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ነጭ አቡጀዲ ሰቀለና ቶይባን በክንዱ ተሸክሞ አውጥቶ ከፊቱ አስቀመጣት። ዐይኑን አስጠጋ። መርፌዋ ቀዩ ላይ ነበረች። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ከእንቅልፉ እንደሚነቃ ሰው ቀስ ብላ ተነቃነቀች፤ ወጣች፤ ከላይ ደርሳ ቆመች። ጀብሪል ቁልፉን ተጫነ።

«ተነሳሽ» አላት፤ አልዋሸም። ቶይባ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። አጥሚት ጠየቀች፣ ጠጣች። ቀጥላ እጇን ዘረጋች።

«አምጣት፣ እኔም አንተን ልይህ።»

ሰጣት። ፀሐዩ መሀል ቆመላት። ቶይባ ለረጅም ጊዜ አየች። ሳቋ ከከንፈሯ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። መርፌዋ ምን አለች ብሎ ሲጠይቃት ዐይኔ ደክሟል፣ አልታየኝም አለችውና ካሜራዋን ጭኗ ላይ ደፋቻት። ግን እጁን ይዛ አልለቅ አለች።

«ጀብሪል፣ እንዳትተኛ።»

«ምነው?»

«ያልተኛን ሰው አይነሳም አይሉትም።»

ያን ዕለት አልተኛም። የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጦ ማንም ያላዘዘውን ልብስ ሰፋ፤ ፈታ፣ እንደገና ሰፋ። ቶይባ ሰውነቷ ተመለሰ። ዓርብ ግድግዳ ይዛ ቆመች። ቅዳሜ ያለ ድጋፍ ሄደች። ጭንቅላቱ ባዘነበለ ቁጥር ጉልበቱን ትመታዋለች፣ የልጅነታቸውን ታወራዋለች፣ ፊቱን በውሃ ታብሰዋለች። ሰላም ሊሏት የመጡ ጎረቤቶች ድና ስላገኟት ሲያመሰግኑ እሷ የምታየው እሱን ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ውሃው አለቀባት። እንስራው በሩ ሥር ነው፤ አምስት እርምጃ አይሞላም። ቀድታ ስትዞር ጀብሪል ጉንጩን መኪናዋ ላይ አስደግፏል። እግሩ ፔዳሉን ሁለት ጊዜ ረገጠና ቆመ። ቶይባ ስሙን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ግን ባይመልስልኝስ ብላ ፈርታ ኩባያውን እንደያዘች እዚያው ቀረች። ጀብሪል የተኛው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።