እንዝርትና እርጥቡ ጫማ

ሰፈሩ «እንዝርት» የሚላት ስለማታርፍ ነው። እያወራች ትጠርጋለች፣ ቆማ ትበላለች፣ ሰው ልትጠይቅ ሄዳ እንኳ የሰው ቤት መጋረጃ ታስተካክላለች። የምትሠራው የሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነበር። እዚያ እርጥብ አንሶላ ማሽን ውስጥ ይገባል፣ ደርቆና ሞቆ ይወጣል፤ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ሥራው ለእሷ፣ እሷም ለሥራው የተፈጠሩ ይመስሉ ነበር።

ባሏ አናጢ ነበር። ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ቀኝ እግሩ ተሰበረና አጥንቱ አጥሮ ገጠመ፤ ሥራውንም ተወ። አብረዋቸው የሚኖሩት አባቱ ጫማ ሠሪ ስለነበሩ፣ የቀኙ ሶል ሦስት ጣት ከፍ ያለ የቆዳ ጫማ ሠሩለት። የመጨረሻ ሥራቸው እሱ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መርፌ መያዝ አልቻሉም። ባልየው ያለዚያ ጫማ ጥቂት ከተራመደ ወገቡን ይይዘዋል። በእሱ ሲሄድ ግን ማነከሱን የሚያውቀው ልብ ብሎ ያየው ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ ቤት ከዋለ በኋላ አንድ ትምህርት ቤት በር ጠባቂ አድርጎ ሊቀጥረው ተስማማ። የሚጀምረው ሰኞ ነው። ዓርብ ዕለት ተነጋግሮ ሲመለስ ዝናብ ያዘው። ቦዩ ሞልቶ መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ እየገባ ቤት ደረሰ። ጫማውን ሲያወልቀው ውሃው ተንዶለዶለ።

«ወይኔ!» አለች እንዝርት፣ ጫማውን ነጥቃው ወደ ምድጃው እየሮጠች።

«ተይ ልጄ!» አሉ አማቷ ከወንበራቸው። «እሳት አታሳዪው። ማሰሪያውን ፍቺ፣ ምላሱን ክፈቺው፣ የውስጥ ንጣፉን አውጪ። ጭቃውን በጨርቅ ጥረጊና ጋዜጣ ጠቅጥቂበት። ጋዜጣው ሲርስ ቀይሪው። ከዚያ ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ በጎኑ አጋድሚው።»

«መቼ ይደርቃል?»

«እሱ በፈለገ ጊዜ።»

«አባባ፣ ሰኞ እኮ ሥራ ይገባል!»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ እስኪሄድ ሥራው ይሄዳል» ብላ አጉረመረመች፤ ግን የታዘዘችውን አደረገች።

ቅዳሜን አንድ ቦታ ተቀምጣ አልዋለችም። ጋዜጣው ገና ሳይርስ ትቀይረዋለች፤ እጇን ጫማው ውስጥ ከትታ ትዳብሳለች። ፀሐይ ላይ ታወጣዋለች፤ አማቷ በከዘራቸው እየተደገፉ ሄደው ጥላው ላይ ይመልሱታል።

«አንቺ ሴት፣ ጫማ ነው እንጂ በሽተኛ አይደለም» አለ ባሏ እየሳቀ።

ሳቁ አልዋጥላት አለ። ሥራው ለሌላ ቢሰጥስ? በመጀመሪያው ቀን እያነከሰ ሲገባ አይተው «ይሄማ ራሱ ደጋፊ ይፈልጋል» ቢሉስ? ከወደቀ ወዲህ ሲዘፍን ሰምታው አታውቅም። ዓርብ ግን ጫማው ውሃ እየተፋ እንኳ እያንጎራጎረ ነበር የገባው።

እሑድ ከሰዓት ግራው ጫማ ደርቋል። ቀኙ ሶሉ ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ገና ቀዝቃዛ ነው። አባትና ልጅ የታመመ ጎረቤት ሊጠይቁ ሲወጡ፣ እንዝርት ቀኙን በፌስታል ጠቅልላ ወደ ላውንደሪው በረረች።

«በዕረፍት ቀንሽ ምን አመጣሽ?» አለቻት ተረኛ ጓደኛዋ።

«አሁን እወጣለሁ» አለችና ጫማውን ትኩስ አየር የሚነፍስበት ክፍል አስቀመጠችው። ቆሞ መጠበቅ መቼ ታውቃለች? አንሶላ ማጠፍ ያዘች። እያጠፈች እያወራች ጫማውን ረሳችው። ያስታወሳት ሽታው ነው።

ስታወጣው ቆዳው እንደ እንጨት ደርቆ አፍንጫው ወደ ላይ ተቆልምሟል። ሶሉ ደግሞ ማስቲሹ ለቆ እጇ ላይ ቀረ።

ስትመለስ ሁለቱም ቤት ነበሩ። ጫማውን ጠረጴዛው ላይ፣ ሶሉን ከጎኑ አስቀመጠች።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች በሉኝ» አለች።

ባሏ ወደ መስኮቱ ዞረ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር፤ ጀርባውን ስታይ እንባዋ መጣ።

ሽማግሌው ሶሉን አገላብጠው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «በቃ፣ አታልቅሺ። ሶሉ ደህና ነው፤ የተጎዳው ላይኛው ቆዳ ነው።» ወደ ልጃቸው ዞረው «ያ ወፍራሙ ሰንደልህ የት አለ?» አሉት።

ሰንደሉ መጣ። ሽማግሌው ከአልጋቸው ሥር የመሣሪያ ሳጥናቸውን አስጎተቱ፤ ወስፌና በሰም የታሸ ክር አወጡ። ሊወጉ ሲሞክሩ እጃቸው ተንቀጠቀጠና ወስፌው ጠረጴዛውን ወጋ። ነቅለው ለእሷ ሰጧት።

«የኔ እጅ አይታዘዝም፣ ያንቺ አያርፍም። እስቲ እናዋጣው።»

እሳቸው ሶሉን ከቀኙ ሰንደል ሥር አነባብረው በጉልበታቸው መሀል ያዙ፤ የምትወጋበትን ቦታ በጣታቸው እያሳዩ እሷ ሰፋች። «ሳብ... ኧረ በሬ አልጎተትሽም! ቀስ። አሁን ቀጥይ።» ጣቷን ወጋች፣ ክር በጠሰች፣ ሁለት ጊዜ ፈታ ሰፋች። ባሏ ከመስኮቱ ተመልሶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ይኼኛው ዝናብም አይፈራ» አለ።

ሰኞ ጠዋት በአንድ እግሩ የቆዳ ጫማ፣ በሌላው ባለ ከፍታ ሰንደል አድርጎ ሄደ። እንዝርት ሥራ ቦታዋ ላይ ልቧ እንደተሰቀለ ዋለች። ሲመለስ ደጅ ላይ ጠበቀችው።

«ምን አሉህ?»

«ርዕሰ መምህርቷ እግሬን አይተው ‹ምነው?› አሉኝ። ‹ሚስቴ ጫማዬን ጠብሳው ነው› አልኳቸው። እስኪበቃቸው ስቀው ቁልፉን ሰጡኝ።»

«ጠበሰችው አልክ? ሰው ምን ይለኛል!» ብላ ትከሻውን መታችው፤ እፎይታዋ ግን ከፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

የተጠበሰውን ጫማ ሽማግሌው በእርጥብ ጨርቅ አስጠቅልለው አለሰለሱት፤ ቅባት አስቀቡት፤ ፎርማ በሚሉት የእንጨት እግር ላይ ወጥረው ጥላ ላይ አቆዩት። አዲስ ሶልም እሷው ሰፋችለት። አፍንጫው ግን እንደ ጀልባ ቀና እንዳለ ቀረ፤ ተማሪዎቹም ባሏን «ካፒቴን» ይሉት ጀመር።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አማቷ ከሳጥናቸው የተቆረጠ፣ ግን ያልተሰፋ የሴት ጫማ ቆዳ አወጡ። እጃቸው ሲከዳቸው የተዉት ነበር።

«ተቀመጪ» አሏት።

«ድስት ጥጃለሁ እኮ!» አለች፤ ግን ተቀመጠች። ጥቂት ትሰፋና ብድግ ትላለች፤ ድስቱን ታማስላለች፣ መስኮቱን ትዘጋለች፣ እንደገና ትከፍተዋለች። ሽማግሌው ቆዳውን በጉልበታቸው እንደያዙ ይጠብቋታል።

«ዙሪና ነይ» ይሏታል። «እኔ የትም አልሄድም።»