ሃያ ደቂቃ

እናቴን በማስታምምበት የሆስፒታል ክፍል፣ ፊት ለፊታችን ያለው አልጋ ላይ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር አስተኙ። ረፋዱ ላይ አረም ስትነቅል እባብ ነድፏት ነው፤ ጥፍሮቿ ውስጥ አፈሩ እንዳለ ነው። እግሯን ከጉልበቷ በታች በሻሿ ጥፍር አድርጋ አስራው ነበር፤ ነርሷ እየተቆጣች ፈታችላት። እብጠቱ የደረሰበትን በእስክሪብቶ አሰመረችና ሰዓቱን ጻፈችበት። እብጠቱ ግን መስመሩን አልፎ ሄደ።

ከደሟም በብርጭቆ ቱቦ ቀድታ መስኮቱ ጋ አቆመችው። «ሃያ ደቂቃ ማንም እንዳይነካው! ደሙ ካልረጋ የመርዙን ማርከሻ እንሰጥሻለን።»

«ልጄን የሚጎዳብኝ ከሆነ ይቅርብኝ» አለች ሴትዮዋ።

«እህቴ፣ አንቺ ሳትተርፊ እሱ በምን ይተርፋል?»

የሁላችንም ልብ ቱቦው ላይ ተሰቀለ። እሷ ብቻ ዞር ብላም አላየችው። አንድ እጇን ሆዷ ላይ ጭና፣ በሌላው የቀሚሷን ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። የሆነ ድምፅ የምታዳምጥ ትመስላለች።

ሃያው ደቂቃ ሲሞላ ነርሷ ቱቦውን ዘንበል ስታደርገው ደሙ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ማርከሻውን ልታመጣ እየሮጠች ወጣች።

ይሄኔ ሴትዮዋ ጠራችኝ። «የኔ እህት፣ እስቲ አንቺ ንኪልኝ። የራሴን እጅ አላምነውም።»

ሆዷ ላይ እጄን አሳረፍኩ። የሚመታው የራሴ ደም ስር ብቻ ነው።

«ይንቀሳቀሳል» አልኳት።

ፊቴን ትክ ብላ አየችው።

«በፊተኞቹ ልጆቼም ጊዜ እንዲሁ ነበር ያሉኝ» አለች።