«ቱሪ» የሚል ጠፋ

መሐንዲሱ አጎቴ ኮንክሪቱን በጣታቸው አንኳኩተው ያዳምጡ ነበር። ሠራተኛው «ደጋፊ እንጨቱ ይነሳ?» ሲላቸው በኦሮምኛ «ቱሪ» ይሉታል፤ ቆይ ማለታቸው ነው።

በደርግ ጊዜ በገሰራ መንገድ ላይ የሚሠሩት ድልድይ ለአብዮት በዓል ይመረቅ ተባለ። ካድሬው «እንጨቱ ዛሬውኑ ይነሳ!» ቢላቸው፣ «ጓድ፣ ሲሚንቶ መመሪያ አይሰማም፤ ቱሪ» አሉት። አሻጥረኛ ተብለው ታሰሩ። እንጨቱ ተነስቶ ድልድዩ ተመረቀ፤ ስንዴ የጫነ መኪና ሲያልፍበት ተደረመሰ። አሁንስ ይፈቷቸዋል ስንል «የሠራኸው አንተ ነህ» ብለው ክስ ጨመሩባቸው። የዚያን ጊዜ ፍርድ እንዲህ ነበር። ታመው ወጡ፤ ብዙም አልቆዩልን።

ጎባ ላይ መቃብራቸው ሲሠራ ግንበኛው ሲሚንቶው ሳይጠነክር ጣውላውን ሊነቅል ጎንበስ አለ። ሁላችንም «ቱሪ» የሚለውን ድምፅ ጠበቅን።

ግንበኛው ነቀለው።