ተራራው ዝም ያለ ዕለት

ሃያ ሁለት ዓመት አማርኛ ሳስተምር ከልቧ መጽሐፍ የምታነብ አንዲት ተማሪ ብቻ አጋጠመችኝ። እሷንም በገዛ እጄ፣ በቀይ እስክሪብቶ አጠፋኋት። በሌላ ሰው ላላክክ ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም።

ትምህርት ቤታችን ጉለሌ ነው፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ትንሽ ወደ ላይ ሲወጣ። ስምንተኛ ክፍል ላይ በየዓመቱ አንድ የልጆች ታሪካዊ ልብ ወለድ እናስተምራለን። ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ በነበረበት ዘመን ከሴቶች ጋር ጫካ እየገባች እንጨት የምትለቅም የአንዲት ልጅ ታሪክ ነው። እናስተምራለን ስላችሁ ግን አትመኑኝ። መጽሐፉ ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው። እኛ የምናደርገው ምዕራፍ አራትን ፎቶ ኮፒ አንስተን፣ ከሥሩ አሥር ጥያቄ ደርድረን ማደል ነው። ከዚያ ኖት አለ። ገጸ ባሕርያት፣ መቼት፣ ግጭት፣ ጭብጥ፣ ዘይቤዎች ከነምሳሌያቸው። ልጆቹ ይገለብጡታል፣ ይሸመድዱታል፣ ፈተና ላይ ይተፉታል። ኖቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ጥሩ ነው ተብሎ የሌላ ትምህርት ቤት መምህራን ሳይቀሩ ወሰዱት፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኔ ነው።

እንግዲህ ካወራሁ አይቀር ልናገረው፤ መጽሐፉን እኔም ራሴ ጨርሼው አላውቅም ነበር። ምዕራፍ አራት ላይ ቆሜያለሁ። ጥያቄው የሚወጣው ከዚያ ነዋ።

ምዕራፉ የሚያልቀው ሴቶቹ ሸክማቸውን እያሰሩ ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ ነው። ከዚያ ደራሲው በድንገት «ተራራው ዝም አለ። ልጅቷም ሸክሟን ጣለች» ብሎ ያቆማል። ሰባተኛው ጥያቄያችን፣ «ተራራው ዝም አለ» የሚለው የትኛው ዘይቤ ነው፣ ለምን? የሚል ነው። መልሱ ሰውኛ ነው፤ ሰው ላልሆነው ተራራ የሰው ባሕርይ ስለተሰጠው። የክፍሉ መምህራን ሁሉ በአንድ የመልስ ቁልፍ ነው የምናርመው። ማንም እንዳያማርር።

ያቺ ተማሪዬ ከቁስቋም እየወረደች ነበር የምትማረው። ቤታቸው የሚወራው ኦሮምኛ ነው፤ ክፍል ውስጥ ካልተጠራች አትናገርም። እናቷ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ እያወረደች ነው የምታሳድጋት። ለሰባተኛው ጥያቄ እንዲህ ብላ መለሰች፦ «ሰውኛ አይደለም። ዝም ያሉት ሴቶቹ ናቸው። የጫካ ዘበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ያየችው ዝም ትላለች፣ ከዚያ ሁሉም ዝም ይላሉ። እናቴ ዝም ካለች እኔም የያዝኩትን እጥላለሁ። ልጅቷም ለዚህ ነው የጣለችው።»

አነበብኩት። ደስ የሚል ነገር ነው ብዬም አስቤ ነበር፤ እሱ ነው የበለጠ የሚያቃጥለኝ። ግን የማርመው የሃምሳ ስምንት ልጅ ወረቀት ከፊቴ ተቆልሏል፣ ቁልፉ ደግሞ ሰውኛ ይላል። ኤክስ አደረግኩበትና ከጎኑ «ኖትሽን አንብቢ» ብዬ ጻፍኩ።

ወረቀቱ የተመለሰ ቀን ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። በዚያ ዓመት በራሷ ፈቃድ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ቲቸር፣ መጽሐፉ ላይ እኮ አለ። ወደ መጨረሻው አካባቢ።»

«የኔ እመቤት፣ ጥያቄው የወጣው ከምዕራፍ አራት ነው። ሂጂ ቁጭ በይ» አልኳት።

ልጆቹ ሳቁባት። እኔም ፈገግ ሳልል አልቀረሁም። ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ ሄዳ ተቀመጠች።

ከወር በኋላ ለንብረት ቆጠራ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ያንን መጽሐፍ ሳነሳ የውሰት ካርዱ ከጀርባው ወደቀ። ካርዱ ላይ የተጻፈው አንድ ስም ብቻ ነው፣ የእሷ፣ ሦስት ጊዜ። የእኔ ስም የለም። አፈርኩ። ፈርሜ ወሰድኩትና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት።

ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ አንዲት አሮጊት ለልጅቷ ታስረዳታለች። ክልክል ጫካ ውስጥ ዘበኛ ሲመጣ ሴቶቹ የሚጠባበቁት በዝምታ ነው፤ የዚያን ዕለትም ዝም ያሉት እነሱ ናቸው። ልክ ተማሪዬ እንደጻፈችው። ኖቴን አውጥቼ አየሁት። ስንት ዓመት ሙሉ ለስንት ልጅ ውሸት ሳስጽፍ ኖሬያለሁ። የማንበብ መምህር ነኝ እኮ እኔ።

ሰኞ ጠዋት መጽሐፉን ይዤ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ። ጥሩ ሰው ነው፣ አብረን ነው ያረጀነው። ምዕራፍ ዘጠኝን ገልጬ አሳየሁት፤ ቆሞ አነበበው።

«ልክ ናት» አለ። «እና ምን ይሁን ነው የምትለው? ውጤት ገብቷል። ለእሷ ከሰጠናት ሰውኛ ያሉትን ሁሉ ልንቀንስባቸው ነው? ወላጅ ጉድ ነው የሚያፈላብን። ተወው በቃ።»

ተውኩት። ተከራክሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ። ቢያንስ ለልጅቷ ልንገራት ብዬ አሰብኩ። ነገ እላለሁ፣ ክፍል ስገባ ግን ያ የልጆቹ ሳቅ ትዝ ይለኛል። ሁለተኛው ሴሚስተር እንዲሁ ሄደ።

ግንቦት ላይ ፈተናቸውን ሳርም የእሷ ወረቀት ደረሰኝ። አሥር ከአሥር። «ጭጋጉ መንገዱን ዋጠው» ለሚለው ዘይቤውን ከነምክንያቱ በኖቴ ቃል በቃል ጽፋዋለች፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር። አንድም የራሷ ቃል የለም። መልሷ ውስጥ እናቷም የለችም። እንደዚያ ቀን ከባድ ራይት አድርጌ አላውቅም።

በእረፍት ሰዓት አስጠራኋት። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«የዚያን ጊዜ ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። «እኔ መጽሐፉን አላነበብኩትም ነበር። አሁን ጨረስኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ችግር የለውም ቲቸር» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስጠጋሁላት። አልነካችውም። የምሬን መልሱ ስላልገባኝ ጠየቅኳት፦ «የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ልጅቷ በዘበኛ መያዟን ለእናቷ ያልነገረቻት ለምን ይመስልሻል?»

ቀና ብላ አየችኝ። ሦስት ጊዜ ያነበበች ልጅ ናት፤ መልሱ እንዳላት ፊቷ ላይ ያየሁት መሰለኝ። ወዲያው ግን ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች፣ እስክሪብቶዋንም።

«ቲቸር፣ ይሄ ለሚኒስትሪ ይመጣል እንዴ?»

«አይመጣም» አልኳት።

«እሺ» አለችና ደብተሯን መልሳ ከተተች። ደብተሩ የተለበደው በጋዜጣ ነው፤ ከላይ የእኔ ኖት ርዕስ በቆንጆ ጽሕፈት ተጽፎበታል። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ወጣች።