ብረት ነክቶኝ አልሞትኩም

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው ይህን ማይክ የያዝኩት። ፓስተር «አጠር አድርጊው» ብሎኛል። እሞክራለሁ፤ ግን ወርቅ ቤት ሻጭ ነኝ፣ እንጀራዬን የምበላው በአፌ ነው። ሃሌ ሉያ!

አስቀድሜ እናቴን ላስተዋውቃችሁ። እዚያ በሩ አጠገብ ነጠላዋን ተከናንባ የተቀመጠችው እሷ ናት። ለሰፈራችን ለእሪ በከንቱ ሰው እማማ ጥሩነሽ ናት፤ ጠዋት ጊዮርጊስን ሳትሳለም ውላ አታውቅም። ዛሬ ስትመጣ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ልሰማሽ እንጂ ልለወጥ አልመጣሁም።» ሳቁ፣ ሳቁ፣ እሷም እየሳቀች ነው። እዚህ መቀመጧ ራሱ ለኔ ምስክርነት ነው። ስሙ ይባረክ!

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በሻርፕ ነው። በክረምትም በበጋም ከአንገቴ አይወርድም ነበር። አንዳንዶቻችሁ «አስቴር ዘናጭ ናት» ትሉኛላችሁ፤ ተባረኩ፣ ግን ዝነጣ አልነበረም። ከሻርፑ ስር የምደብቀው ነገር ነበረኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንገቴ ላይ ትናንሽ ነገሮች መውጣት ጀመሩ። ቡኒ ናቸው፣ ሻካራ፣ የጧፍ ሰም ተንጠባጥቦ የደረቀ የሚመስሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ በቀጭን ቆዳ የተንጠለጠሉ ናቸው። መጀመሪያ እናቴ አይታ «ማርያም ስማሽ ነው» አለችኝና አለፈች። ቆይቶ ግን በዙ፤ ወደ ጀርባዬም ወረዱ። ማሳከካቸውስ! ፀሐይ ሲበረታ፣ ላብ ሲነካቸው፣ ደንበኛ ፊት ቆሜ ባንኮኒው ጠርዝ ላይ ጀርባዬን የማሽበት ጊዜ ነበር፤ ላም ግንድ ላይ እንደምትታከከው። ሰው የነገረኝን ሁሉ ሞክሬያለሁ። ነጭ ሽንኩርት ቀባሁ፣ ቆዳዬ ተቃጠለ እንጂ እነሱ ንቅንቅ አላሉም።

አሁን ሥራዬን ልንገራችሁ። ፒያሳ ሐብል የሚሸጠው በሻጭ አንገት ነው። ሙሽራዋ እናቷን ይዛ ትመጣለች፣ ሐብሉን ታገላብጥና «እስቲ አንቺ ላይ ልየው» ትላለች። ያንን ቃል በጣም እወደው ነበር። በኋላ ግን የምፈራው ቃል ሆነ። «ጉንፋን ይዞኛል» እላለሁ፣ «አንገቴ ተቀጭቷል» እላለሁ። የሱቁ ባለቤት ጋሽ ሰይፉ ደግ ሰው ነው፤ ሐብሉን ከእጄ ይቀበልና መስታወቱ ላይ ያንጠለጥለዋል።

ወርቅ ላይ የተመታውን ማኅተም የምናይበት ትንሽ ማጉያ አለችን፣ ዓይን ላይ የምትደረግ። እኔ እሷን ይዤ ጓሮ እገባና አንገቴን በመስታወት አያለሁ። ጠቁሯል? አድጓል? ትናንት እንዲህ ነበር? አየሁ ብዬ ደንበኛ ሳስተናግድ፣ «በደንብ ያላየሁት ቢኖርስ?» ይለኛል ልቤ፤ ተመልሼ እገባለሁ። በስልኬ ደግሞ አነባለሁ። ያነበብኩት ሁሉ መጨረሻው ካንሰር ነበር። ምግብ አልበላ አለኝ፤ ስከሳ ደግሞ «አየሽ፣ በሽታው ነው» አልኩ። ወገኖቼ፣ ከፍርሃት የተነሳ ከስቼ ክሳቴን ፈራሁት!

«ታዲያ ለምን ሐኪም ቤት አልሄድሽም?» ትሉኝ ይሆናል። አክስቴ ዘነበችን ስላላወቃችሁ ነው። ዘነበች የአባቴ እህት ነበረች፤ እኛ ቤት ኖራ እኔን አዝላ ያሳደገችኝ። ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት፣ ሆስፒታል ሄደች፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ልጅ ነበርኩ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ የሚሉት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «ብረት ባይነካው ኖሮ ትኖር ነበር! ብረት ነክቶት ነው የተዛመተው!» ከእናንተስ ይህን ያልሰማ አለ? አዎ፣ ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ ሐኪም ካየው ይቆርጠዋል፣ ከቆረጠው ብረት ይነካዋል፣ ብረት ከነካው አለቀልኝ። ሒሳቤ ይኸው ነበር።

ጌታን ካገኘሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። ከዚህ መድረክ ስር ለጸሎት ያልወጣሁበት ሰንበት የለም። ፓስተር እጁን ጭኖልኛል። ግን «ለጤናዬ» እንጂ ስለ ምን እንደሆነ ነግሬው አላውቅም። ከጸሎቱ በኋላ ቤቴ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ምን ነበር? መስታወት ፊት ቆሞ «ጠፋ ወይ?» ማለት። ይህ እምነት ነው? ጌታን መቆጣጠር ነው እንጂ! እሱ ግን ታገሰኝ። ታጋሽነቱ ይባረክ!

አንድ ጠዋት አንዲት ሙሽራና እናቷ መጡ። ፊታቸው ቀለበት ብቻ ሳይሆን ሐብል፣ ጉትቻና አምባር በሙሉ የሚገዛ ሰው ፊት ነው። ጋሽ ሰይፉ «አስቱ፣ በናትሽ ዛሬ እንኳ አንገትሽን አውሺን» አለኝ። እምቢ ማለት አፈርኩ። ሻርፔን ፈታሁ፣ ፀጉሬን ለቅቄ ማጅራቴንና የአንገቴን ጎን ሸፈንኩ፣ ሐብሉን አጠለቅሁት። ወደዱት። ሲወልቅ ግን የሙሽራዋ እናት «ቆይ ላግዝሽ» ብለው ሳብ ሲያደርጉት፣ መቆለፊያው ማጅራቴ ላይ ከተንጠለጠሉት ትልቋን ያዛትና ቀደዳት።

ደም ሐብሉ ላይ፣ ደም እጄ ላይ። እኔ ምን ብዬ ጮህኩ መሰላችሁ? «ብረት ነካኝ!»

ጋሽ ሰይፉ ሊያስቀኝ ብሎ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ሃያ አንድ ካራት ነው! ብረት ብለሽ ገበያዬን ትዘጊዋለሽ?» አለ። አልሳቅኩም። ወርቅም ያው ብረት አይደል ወይ እያልኩ አለቅሳለሁ። የምሬን መሆኑን ሲያይ ቀልዱን ተወ፤ መሐረቡን ማጅራቴ ላይ ይዞ «ሂጂ፣ ልጄ፣ እናትሽ ጋ ሂጂ» አለኝ።

እንዴት እሪ በከንቱ እንደደረስኩ አላውቅም። እናቴ ምስር ስትለቅም ደረስኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ማጉያውን፣ ፍርሃቱን፣ መቆለፊያውን። ሰፌዱን ከጭኗ አወረደች። «ሐኪም እንይ» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ዘነቡን እኮ ሐኪም ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ» አለች።

ይህን አላውቅም ነበር።

«አልሄድም ስትል ጎትቼ ወሰድኳት። ‹ይቆረጥልሽና ትድኛለሽ› አልኳት፣ በኔ ቃል አምና ተኛች። ድንኳን ውስጥ ያሉትን አንቺ ብቻ አይደለሽም የሰማሽው። ጊዮርጊስ ጧፍ የማበራው ለማን መሰለሽ? አሁን ደግሞ አንቺን በእጄ ወስጄ ብረት ላስነካሽ?»

ወገኖቼ፣ እናቴ ይህን ሁሉ ዓመት ነፍሰ ገዳይ ነኝ ብላ ኖራለች! አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች አንድ ፍርሃት ፈርተን አንዳችን ለሌላችን አልነገርንም።

ጌታን ከተቀበልኩ ጀምሮ አብረን ጸልየን አናውቅም ነበር። እሷ ጠበሏን ትሰጠኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ሁለታችንም እናኮርፋለን። የዚያን ቀን ግን ሌላ የምንይዘው ነገር ስላልነበረን እጅ ለእጅ ተያያዝን። እሷ አባታችን ሆይዋን ትላለች፣ እኔ እንደምታውቁኝ እያለቀስኩ እጮኻለሁ። በዚያ ለቅሶ መሃል ጌታ በልቤ ተናገረኝ። «አንቺ በማጉያ የምትፈልጊውን እኔ ያለ ማጉያ አየዋለሁ። ሂጂ፣ አብሬሽ እገባለሁ።» ሃሌ ሉያ! ሰላሙ እንዴት እንደወረደብኝ ልነግራችሁ አልችልም።

«እማዬ፣ ልሄድ ነው» አልኳት። እሷ መቀነቷን አጠበቀች። «ብቻሽን አትሄጂም» አለች።

የቆዳ ሐኪሙ ሽበታም ሰው ነው፣ ድምፁ የማይቸኩል። ሻርፔን አስወለቀኝ፤ መብራት ያለው ማጉያ አወጣ። ማጉያውን ሳይ ራሱ ሳቄ መጣ። አንድ በአንድ አያቸው፤ ጀርባዬንም አየ። ከዚያ እናቴን «እናቴ፣ እርስዎስ የለዎትም?» አላት። እናቴ ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። እዚያው አንገቷ ላይ፣ እንደኔው! ዕድሜዬን ሙሉ አብሬያት ስኖር ከነጠላው ስር አላየሁትም።

«ይህ የቆዳ ትርፍ ነው» አለ ሐኪሙ። «ከዘር ይመጣል፣ ከዕድሜ ጋር ይበዛል፣ ያሳክካል። ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። የተቀደደችውን ግን ቆርጬ ለምርመራ እልካታለሁ። እኔ ተጠራጥሬ ሳይሆን አንቺ እንድታርፊ ነው።»

«በብረት?» አልኩት።

«በምላጭ» አለ። ሲያየኝ ገባው መሰለኝ፣ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። «ልጄ፣ ብረት በሽታ አያዛምትም። ሰው ፈርቶ ይቆያል፣ በሽታው በውስጥ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ሲመጣ እንቆርጠዋለን፤ ሲሞት ብረቱ ይወቀሳል።»

ያን ጊዜ እናቴ ከጥግ ተናገረች። ድምጿ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። «ዶክተር፣ አንዲት ሴት ነበረች...» አለችና የዘነበችን ነገረችው። እሱ አላቋረጣትም። ስትጨርስ «እናቴ፣ ሲወስዷት እብጠቱ ምን ያህል ነበር?» ሲላት በጡጫዋ አሳየችው። «ብብቷስ?» «እሱም አብጦ ነበር፣ ክንዷን ማንሳት አቅቷት ነበር።»

«እንግዲያው እርስዎ ሐኪም ቤት ሳያደርሷት በፊት ተዛምቶ ነበር» አለ። «የገደላት ብረቱ አይደለም። እርስዎም አይደሉም። እርስዎ ሊያድኗት የሞከሩ ብቸኛ ሰው ነበሩ።»

ቅዱሳን፣ እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። ሐኪሙ ምላጩን ይዞ ጠበቃት። እኔ ለአንገቴ ፈውስ ፈልጌ ሄጄ ጌታ የእናቴን ልብ ሲፈውስ አየሁ! ክብር ለስሙ ይሁን! አሜን በሉ!

ከዚያ ምላጩ ነካኝ። ይኸው፣ ቆሜአለሁ።

ውጤቱ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብን። እናቴ ማጉያዋን ከቦርሳዬ አወጣችና መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት። «ለወርቁ ነው የተሠራችው፣ ለልጄ አይደለም» አለች። ልቤ ፈራ ባለ ቁጥር እጄ ወደ አንገቴ ይሄዳል፤ እሷ እጄን ትይዛለች። በኋላ ለውጤቱ ስንሄድ ሐኪሙ ወረቀቱን አየና «ያልኩሽ ነው፣ ንጹሕ ነው» አለኝ። አትፋቂው፣ ጥፍርሽን አሳጥሪ፣ ቆዳሽ አይድረቅ፣ ሲያሳክክ ይህን ቅባት ተቀቢ፣ ድንገት መልኩን የቀየረ ካለ ተመልሰሽ አሳዪኝ አለኝ። እጁን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

አሁን እውነቱን ልናገር። ጠፍተዋል ወይ? አልጠፉም። ያሳክካሉ ወይ? ያሳክካሉ! እጄ የማይደርስበትን ጀርባዬን እናቴ ቫዝሊን ትቀባልኛለች፤ «ማርያም የሳመችሽ» እያለች ነው የምትቀባኝ። ድሮ እከራከራት ነበር። አሁን «ጌታ ይባረክ» እላለሁ፣ እሷም «አሜን» ትላለች። ፍርሃቱም አልፎ አልፎ በር ያንኳኳል። ግን የቤቱ ጌታ እሱ አይደለም። ጌታ ቆዳዬን አልቀየረም፤ እኔን ግን አሳረፈኝ። ተመስገን!

የደበቃችሁት ነገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ስሙኝ። የናንተ እንደኔ «ምንም አይደለም» ይሆናል ብዬ ልምላላችሁ አልችልም፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን ጌታ ሐኪም ቤት በር ላይ አይቀርም፣ አብሯችሁ ይገባል። እመኑትና እዩ። ብቻዬን እፈራለሁ የምትል እህት ካለች እኔ አብሬያት እሄዳለሁ። እኔ ሥራ ከያዘኝ እናቴ አለች፤ ወረፋ በመያዝ የሚያህላት የለም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፣ ፓስተር፣ ልጨርስ ነው። ውጤቱን ሰምተን ቤት ስንገባ እናቴ ሳጥኗን ከፈተችና ከታች፣ ከልብሶቹ ስር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የዘነበች ሐብል ነው፣ ቀጭን። ከሞተች ጀምሮ እናቴ ዓይኗን ጥላበት አታውቅም ነበር። ሥራዬ ነውና በእጄ መዝኜ ስንት እንደሚያወጣ ልነግራት ስል፣ ከእጄ ወሰደችው። «እስቲ አንቺ ላይ ልየው» አለችኝ።

ይኸው ሻርፔን አወለቅሁ። እማዬ፣ ሐብሉ ከዚያ ከበሩ ይታይሻል?