ሁለቱ ድስቶችና የእናቴ ዕረፍት

ይህ ነገር ሊጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ራሴን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። የሞተ ሰው የለበትም፤ የጠፋም የተገኘም የለም። የተበላሸው ሁለት ድስት ዶሮ ወጥ ብቻ ነው። አብረውኝ አንደኛ ዓመት የሚማሩ ልጆች ስለ ትልልቅ ነገር ሲጽፉ እኔ ስለ ጭልፋ መጻፌ ትንሽ ያሳፍረኛል። ሆኖም ያንን የገና በዓል ባሰብኩ ቁጥር ደስ ስለሚለኝ የሆነውን እንደሆነ ላስቀምጠው።

እናቴ በበዓል ሰሞን ትታመማለች። ከአዲስ አበባ ለቀን ሰበታ ከገባን አምስት ዓመት ሆነን፤ የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነን። ሥራዋ አሁንም አዲስ አበባ ስለሆነ ጎህ ሲቀድ የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች፤ የምትመለሰው ሲመሽ ነው። ገና ሲቃረብ በዚህ ላይ መጋረጃ ማጠቡ፣ ሽንኩርት መክተፉ፣ ዳቦ መድፋቱ ይጨመራል። ሁሉንም ለብቻዋ ትሠራና በበዓሉ ዕለት ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ ትተኛለች። የሠራችውን ሌላው ሲበላ እሷ አትቀምስም።

ባለፈው ታኅሣሥ ግን ነገሩ ከራስ ምታት አለፈ። ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትለካ ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ። ነርሷ፣ «በዓሉን ተረጋግተው ያሳልፉት። ከበዓሉ በኋላ ይምጡና እንለካዎታለን፤ ካልወረደ መድኃኒት እናስጀምርዎታለን» አለቻት። እናቴ መድኃኒቱን ፈራች። «አንዴ ከጀመርኩ በቃ፣ ዕድሜ ልኬን ነው» አለችኝ በስልክ። እናቴ ስትፈራ አይቼ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ለበዓል ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ስመጣ አንድ ነገር ወሰንኩ፦ ዘንድሮ እሷ ጣቷን አታነሳም። ሥራውን በሰዓት በሰዓት ከፋፍዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ቁም ሳጥኑ ላይ ለጠፍኩት። የበዓሉ ዋዜማ ጠዋት እናቴን አልጋዋ ላይ አስተኝቼ በሩን ገርበብ አደረግኩና ሥራ ጀመርኩ።

እዚህ ላይ ስለ ጎረቤታችን መናገር አለብኝ። እትዬ እላቸዋለሁ። ሙስሊም ናቸው፤ ከአጥራችን ጋር የተያያዘ ሱቅ አላቸው። ሰበታ በገባን በመጀመሪያው ዓመት ከእናቴ ጋር አንድ ልማድ ጀመሩ። ለገና ባላቸው ዶሮ አርደው ይልኩልናል፤ እናቴ በእነሱ ድስት፣ በእነሱ ጭልፋ ለብቻው ትሠራዋለች፤ በበዓሉም እኛ ቤት መጥተው ከእኛ ጋር ይበላሉ። ለኢድ ደግሞ እትዬ ለእኛ እንዲሁ ያደርጋሉ። እንዳይሳሳት የእነሱ ጭልፋ እጀታው ላይ አረንጓዴ ክር ታስሮበታል።

በዚያ ቀን ሁለት የከሰል ምድጃ ጎን ለጎን አድርጌ ሁለቱንም ድስት ጣድኩ። ጾም ስለሆነ ወጡን መቅመስ አልችልም። የምቀምሰው በእናቴ አፍንጫ ነበር።

«አንቺ! ሽታው አሁንም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል!» ትለኛለች ከመኝታ ቤት።

«እማዬ፣ ተኚ!»

«ከሰሉን ቀንሺው! ሲንጣጣ ይሰማኛል።»

«ተኚ አልኩሽ እኮ!»

ስምንት ሰዓት ላይ ከፕሮግራሜ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር። ዳቦው አልተደፋም፤ ቤቱ አልተወለወለም፤ ዓይኔ በሽንኩርት አብጧል። አንዱን ሳማስል ሌላው ሲይዝብኝ፣ ወዲያ ስል ወዲህ ስል ቆየሁ። በመጨረሻ ላብ ልጠርግ ቀና ስል አረንጓዴ ክር ያለው ጭልፋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ደረቅ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አልወረደም።

በእጄ የያዝኩት የእኛን ነው። የእኛን ድስት አማስዬበታለሁ፤ የእነሱንም አማስዬበታለሁ፤ ተመልሼ ደግሞ የእኛን። ያ ወጥ ከዚያ በኋላ ለእነሱም አይሆን፣ ለእኛም አይሆን።

ማንም አላየኝም። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ብናገር ደግሞ የእናቴ ደም ግፊት የት ይደርሳል? ግን እትዬ አምነውን የሚበሉትን ነገር በዝምታ ላቀርብላቸው አልቻልኩም። ከሰሉን በአመድ አፍኜ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ።

«እትዬ፣ አጥፍቻለሁ።»

«ምን ሰበርሽ?»

«አልሰበርኩም። በአንድ ጭልፋ… ሁለቱንም አማሰልኩ።»

የሚመዝኑትን ስኳር አስቀመጡት። «የእኛን በእናንተ ነው፣ የእናንተን በእኛ?»

«ወዲያም ወዲህም።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ አፋቸውን በሻርፓቸው ጋርደው ይስቁ ጀመር። «ወላሂ፣ እንግዲያማ ነገም ጹሙ! እናትሽ ሰምታለች?»

«አልነገርኳትም። ግፊቷ ይነሳል ብዬ…»

«ግፊቷን የምታስነሺው አንቺ ነሽ» አሉኝ፤ አሁን አልሳቁም። «ከጠዋት ጀምሮ ‹ተኚ፣ ተኚ› እያልሽ ስትጮሂባት በአጥሩ እሰማለሁ። ሰው በጩኸት ያርፋል እንዴ? ሥራ የለመደ ሰው እጁን ስታስሪው ልቡ ነው የሚሮጠው።»

እንባዬ መጣ። ያን ሁሉ የደከምኩት ለእሷ ነበር። ግን እውነታቸውን ነው፤ ቀኑን ሙሉ እናቴን አንድ ጊዜ እንኳ ገብቼ አላየኋትም።

እትዬ ሱቃቸውን ዘግተው አብረውኝ መጡና እናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ነገሩን እሳቸው ነገሯት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ፊቷን እጠብቃለሁ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወደ እኔ ዞረች።

«ዩኒቨርሲቲ የላኩሽ ይኼን እንድትማሪ ነው?» አለችና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

ከዚያ እንደ ልማዷ ልትነሳ እግሯን አወረደች። «ሽንኩርት ተርፏል? ሌላ ዶሮ ቢገኝ…»

«ተቀመጪ እህቴ» አሏት እትዬ። «እዚህ ቤት ዛሬ የሚማሰል ነገር የለም።»

የተቀቀሉት እንቁላሎች ድስት ውስጥ ስላልገቡ ተርፈው ነበር። እናቴና እትዬ በረንዳው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ቀስ እያሉ ይልጧቸው ጀመር። አሥር ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ አንድ ሰዓት ወሰደ፤ እያንዳንዳቸው ስለ ድሮ ሰፈራቸው ያወሩ ነበር። እኔ ቤቱን መወልወል ትቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እናቴ እጇ እየሠራ እሷ ስታርፍ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወጡን መድፋት ግን ማንም አልደፈረም። ከኋላ ክፍል የሚኖሩት ተከራያችን፣ ኦቦ የምላቸው የአበባ እርሻ ጥበቃ፣ ጴንጤ ናቸው። እናቴ እያፈረች ነገሩን ነግራ፣ «ይበሉታል?» አለቻቸው።

ድስቶቹን እያፈራረቁ አዩ። «እኔ ጸልዬ ነው የምበላው» አሉ። «ማን አረደሽ ብዬ ዶሮዋን አልጠይቃትም። ገለቶማ!» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑና ሁለቱንም ተሸክመው ሄዱ። እትዬ ከኋላቸው፣ «ድስቴን እንዳይረሱ፣ ኦቦ! በፈላ ውሃ አጥቤ እንደገና እሠራባታለሁ!» ብለው ጮኹ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬና ባላቸው መጡ። እንቁላሉን በቅቤና በሚጥሚጣ ለውሰን፣ ከአይብና ከሱቅ ከገዛነው ዳቦ ጋር በላን። እናቴ ሻሽ አላሰረችም። አንዴ ልትነሳ ሲቃጣት እትዬ ቀሚሷን ይዘው አስቀመጧት። ሁለት ጊዜ ጨምራ በላች። እኔም የጻፍኩትን ፕሮግራም ሳይነግሩኝ ቀድጄ ጣልኩት።

ሆኖም ፍርሃቱ ገና አላለቀም፤ ቀጠሮው ነበረ። ሳምንቱን እንጀራውን ከሱቅ ገዛን፤ ወጡን አንድ ቀን እሷ አንድ ቀን እኔ ሠራን፤ ስትሠራ ዝም አልኳት። የቀጠሮው ዕለት አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ ለካች፤ ትንሽ አሳርፋ እንደገና ለካች። ወርዷል። የሚፈለገው ድረስ ባይሆንም ለጊዜው መድኃኒት እንደማያስፈልግ፣ በየወሩ እየመጣች እንድትለካ ነገረቻት። እናቴ እጅጌዋን ወደ ታች መለሰችና ለረጅም ጊዜ ይዛው የቆየችውን ትንፋሽ ለቀቀችው። ቀኑ ጥር 6፣ ገና ካለፈ በሳምንቱ ነበር።