ለቦቴ ሹፌር ሊድሩኝ ሲሉ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ሓወልቲ አካባቢ ወዳለ ካፌ ጠራኝና የማኪያቶዬ አረፋ ሳይጠፋ ስለ ደመወዝ ማውራት ጀመረ። ደረቅ ጭነት መንዳት ከጀመረ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። መቀሌ ተወልዶ ስላደገ በትግርኛው «ኣሞይ» ይለኛል፤ የአባቴ እኅት ማለቱ ነው።

«ኣሞይ፣ በአይሱዙ ከተማ ውስጥ የሚሠራ ማታ ቤቱ ይተኛል፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ነው። ተሳቢ የሚነዳ በምልልስ ይከፈለዋል፤ ጭነት ሲጠፋ ግን መኪናው ጥላ ሥር ተኝቶ ይውላል። ቦቴ ሌላ ነው። የፈሳሽ መንጃ ፈቃዴን አውጥቻለሁ። ሰኞ እጀምራለሁ።»

እንኳን ደስ አለህ ማለት ነበረብኝ። ብርጭቆዬን ግን ወደ ጎን ገፋሁት። ይህንኑ ንጽጽር ከሠላሳ ዓመት በፊት ከአባቱ አፍ ሰምቼዋለሁ።

አባታችን ከሞተ በኋላ ከደሴ ወደ መቀሌ ያመጣኝ እሱ ነው፣ ታላቅ ወንድሜ። የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ያበላኝም ያስተማረኝም እሱ ነው፤ ይህንን በየሄደበት ስለሚናገር እኔ መድገም አያስፈልገኝም። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ሁለት ሹፌሮች ለትዳር ፈለጉኝ። አንዱ በአይሱዙ ከአላማጣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመጣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ወንድሜ ሳቀበት።

«የሽንኩርት ሹፌር! ዛሬም ሽንኩርት፣ ነገም ሽንኩርት። ቦቴ ማለት እኮ የመጨረሻው እርከን ነው። ደመወዝ አለው፣ አበል አለው፣ የሚተርፍ ነዳጅ አለው።»

የሚተርፍ ነዳጅ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። እሱ ሲናገር መጠየቅ እንደ ስድብ ይቆጠርብኝ ነበር።

የቦቴውን ሹፌር ስም እዚህ አልጽፍም፤ ዘመዶቹ እዚሁ ከተማ አሉ። መልከ መልካም፣ ተጫዋች፣ እጀ ሰፊ ሰው ነበር። መስከረም ሊያልቅ ሲል ለእናቴ ሙት ዓመት ደሴ ሄጄ ልመለስ ስል ወንድሜ ደወለ። «እሱ ጭኖ እየመጣ ነው፤ ከእሱ ጋር ነይ፤ በዚያውም ትተዋወቃላችሁ» አለኝ። ገበያ እንኳ ብቻዬን እንዳልሄድ የሚቆጣጠረኝ ሰው ነው እንዲህ ያለው።

ማይጨው ላይ ትኩስ ዳቦ በማር በላን። ከከተማው ስንወጣ በለስ ገዝቶ ራሱ እየላጠ ሰጠኝ። ገብሱ በሁለቱም በኩል ቢጫ መሆን ጀምሯል። የእምባ አላጀን ዳገት እያቃሰትን ወጣን፤ አናቱ ላይ ጉም ነበር። ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም።

መውረድ ስንጀምር ማርሹን ዜሮ አደረገው። የሞተሩ ጩኸት ድንገት ጠፋ።

«ተበላሸ?» አልኩት።

«ምን ይበላሻል! አረፈ እንጂ» ብሎ ሳቀ። «ስሚ፣ ደመወዙ ለቤት ኪራይ ነው። ቤት የሚሠራው በቁልቁለት ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። መኪናው በገዛ ክብደቱ ይወርዳል፤ ሞተሩ ያልበላውን ነዳጅ እሱ ይሸጠዋል። ወንድሜ ያደነቀው ትርፍ ይሄ ነበር። ከኋላችን ሙሉ ቦቴ ቤንዚን አለ፤ የሚይዘን ግን ፍሬን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥምዝ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። በእኔ በኩል ገደል ነው።

«አውርደኝ!»

«ኣጆኺ፣ አይዞሽ! በየሳምንቱ የምወርደው መንገድ እኮ ነው።»

ከዚያ ሳቁ ቆመ። ፍሬኑን ደጋግሞ ረገጠው። ማርሹን ሊያስገባ ታገለ፤ ብረት ከብረት ሲፋጭ ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ፤ አልገባም። ከፊታችን ጭድ የጫኑ አህዮችና አንዲት ሴት ነበሩ። ጥሩምባውን ለቀቀው። ሴትዮዋ ዞር ስትል ፊቷን አየሁት። መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ተራራው ጠመዘዘው። መኪናው ድንጋይ እያረገፈ፣ ተራራውን እየፋቀ ሄዶ ሄዶ ቆመ።

ሴትዮዋ ተርፋለች። እኔ ወርጄ መንገዱ ላይ ቁጭ አልኩ። ቤንዚን ይሸት ነበር። እሱ ቦቴውን ዞሮ አይቶ መጣና አጠገቤ ተንበረከከ።

«አህያ ገባብኝ ነው የምለው። አንቺም እንደዚያ በዪ። እሺ ሓፍተይ፣ እሺ እኅቴ? ከሥራ እንዳታስወጪኝ።»

መቀሌ በአውቶቡስ ገባሁ። ለወንድሜ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ከጋዜጣው ቀና እንኳ አላለም።

«ሁሉም የሚያደርገው ነው። ካልፈለግሽው ተይው። ለሰው ግን ትንፍሽ እንዳትዪ፤ የሰው እንጀራ ነው።»

ተውኩት፤ ትንፍሽም አላልኩ። በዓመቱ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ለቦቴው ሹፌር ታጨች። የቢሯችን ደረጃ ላይ አስቆመችኝ። ቀለበቷን ጣቷ ላይ ታዞራለች።

«ለምን ተውሽው? እኔ የማላውቀው ነገር አለ?»

«ጠባያችን አልገጠመም» አልኳት።

ሁለት ክረምት ሳያልፍ እዚያው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። እሷም አብራው ነበረች፤ አንዳቸውም አልተረፉም።

የሽንኩርቱ ሹፌር ዛሬ ዓዲ ሓቂ ባለው ቤቱ የልጅ ልጆቹን ያቅፋል። ወንድሜ መንገድ ላይ ሲያገኘው ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይለዋል።

ካፌው ውስጥ ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት፤ የአባቱንም ቃል ሳላስቀር። መጀመሪያ «አሁን እኮ ጂፒኤስ አለ ኣሞይ፤ ቢሮ ሆነው ያዩናል» አለኝ። ቆይቶ ደግሞ «ስትጠይቅሽ ለምን አልነገርሻትም?» አለ።

«ከቁልቁለቱ ይልቅ አባትህን እፈራ ነበር» አልኩት።

ሰኞ ሄደ። ትናንት ወንድሜ ደውሎ «ልጄን ለምን ታስፈራሪብኛለሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። እስኪጨርስ ጠበቅኩት። ከዚያ የዚያችን ልጅ ስም ጠራሁለት። ስልኩን ዘጋው።

ዛሬ ልጁ ጭኖ የሚመለስበት ቀን ነው። አሁን አላጀን እየወረደ ሳይሆን አይቀርም። አራት ጊዜ ደወልኩለት፤ አያነሳም። እየነዳህ ስልክ እንዳታነሳ ብዬ ያስማልኩትም እኔው ነኝ።